«ቀኑ ደርሶ ነው» አትበሉን

በእንጨት ወይም በብየዳ ቤት ሠራተኛ በኮረንቲ ሲሞት ለቅሶ ላይ የምትሰማው ዓረፍተ ነገር አንድ ናት፤ «ቀኑ ደርሶ ነው»። አይደለም! የደረሰው ቀኑ ሳይሆን ፋዙ ነው፤ የማሽኑ ብረት ላይ።

የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ሻንቶን እንውሰድ። በዚያው በወላይታ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ኦሞ ወንዝ ላይ፣ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋቱ ግልገል ጊቤ 3 ቆሟል። ኃይል ማመንጨቱን ችለንበታል። ያቃተን አንዲት ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ከማሽን ወደ መሬት ማድረስ ነው።

የድሮ መጋዝና መሰርሰሪያ ጠላታችን አይደለም። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ሞተሩ ቢቃጠልም ይጠቀለላል። ቀድሞ የሚያረጀው የገመዱ ጎማ ነው። ጎማው ሲሰነጠቅ ፋዙ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ማሽኑ ግን ምንም እንዳልሆነ መሥራቱን ይቀጥላል። ክረምት ላይ እርጥብ ወለል የረገጠ ተለማማጅ ሲነካው 220 ቮልቱ በልጁ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። የሰውነቱ ተቃውሞ 1,000 ኦህም ቢሆን 220 ሚሊ አምፔር ያልፍበታል፤ ልብን ለማቆም ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ደግሞ ይህችን ከቁም ነገር አይቆጥራትም።

«እኛማ ብረት ቀብረናል» የሚሉ አሉ። ጎበዝ፣ የተቀበረ ብረት ብቻውን አያድንም! የአፈሩ ተቃውሞ 20 ኦህም ከሆነ የሚፈሰው 11 አምፔር ነው፤ ብሬከሩ አይወድቅም፣ ማሽኑም ኮረንቲ እንደያዘ ይቆያል። የወጣውና የተመለሰው ኮረንቲ በ30 ሚሊ አምፔር ሲለያይ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር አብሮ ያስፈልጋል። ግራውንዱን ሶኬት ውስጥ ከኒውትራል ጋር ማሰር የባሰ ነው፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን ማሽኑ በሙሉ ፋዝ ይሆናል።

ሥራው ረቂቅ ሳይንስ አይደለም። ማሽኑ ይነቀል፤ ያረጀው ገመድ በባለ ሦስት ሽቦ ይተካ፤ ሦስተኛው ሽቦ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ በብሎን ይጥበቅ፤ ገመዱ እንዳይጎተት መግቢያው ላይ ይታሰር። ከዚያ ባለሙያ በ500 ቮልት ሜገር ይለካው፤ ከ1 ሜጋ ኦህም በታች ካነበበ አይብራ። መብራት ሄዶ ሲመጣ መጋዙ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማብሪያም ይገጠምለት። ካሬ ውስጥ ካሬ ምልክት ያለበት መሣሪያ ብቻ ግራውንድ አይፈልግም።

«አቅም የለንም» አትበሉን። ለመጋዝ ስለት የተገኘ ብር ለሽቦ አይጠፋም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ወጣቶችን አደራጅቶ ማሽን የሚያስረክብ ቢሮም ግራውንዱን ሳያይ ቁልፍ ማስረከብ የለበትም።

አንተም አንባቢ፣ ቁም ሣጥን ስታሠራ በዋጋ ከመከራከርህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ፤ ሦስተኛው ሽቦ የት አለ?