ጥቂትም ቢሆን የማይቋረጥ፦ በየቀኑ አንድ ሥዕል



ወጣቶቻችን «ቻሌንጅ» የሚሉት ነገር ብዙ ዓይነት ነው። አብዛኛው ጊዜን ያባክናል፤ አንዳንዱም ጤናን ይጎዳል። ይሁንና ከመካከላቸው ወላጆች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ አለ፤ ይኸውም ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ አንድ ትንሽ ሥዕል መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዱዌን ካይዘር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ በየቀኑ የፖስታ ካርድ የምታህል ሥዕል መሥራት ጀመረ። በ2009 ደግሞ ጄክ ፓርከር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ የኦክቶበርን ሠላሳ አንድ ቀናት በየዕለት ሥዕል ለመሙላት ተነሣ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። ልማዱ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በልዩ ልዩ መልክ ተሰራጭቷል። አንዱ መልክ ቀለምን ከወረቀት ቁራጭ፣ ከጨርቅ፣ ከክርና ከመሳሰሉት ጋር በአንድ ገጽ ላይ የሚያዋህደው «ሚክስድ ሚዲያ» ወይም የድብልቅ ቁሳቁስ ሥዕል ነው።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ልጆች ምን ይበጃል?» የሚል ወላጅ እንደሚኖር እናውቃለን። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው።

ሦስት ከተሞች፣ ሦስት ቤተሰቦች

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች መካከል ሲሆኑ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በእነዚህ ከተሞች ከሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦች ጋር ሆነን ነገሩን ለሠላሳ ቀናት ሞከርነው። ደንቡ አጭር ነበር። አንደኛ፣ ሥዕሉ ከመዳፍ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይሠራል። ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ ካለው በቀር የሚገዛ ነገር የለም። አራተኛ፣ ያመለጠ ቀን አመለጠ፤ በማግስቱ ሁለት ተሠርቶ አይካካስም።

ልጆቹ ዙሪያቸውን መመልከት ያዙ። የሰበታዎቹ ከልብስ ሰፊ ደጃፍ የለቀሙትን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየደራረቡ የወጨጫን ተራራ ሠሩ። የቡራዩዎቹ የገፈርሳን ውኃ በሻይ ቀለም ቀብተው፣ ብልጭታውን ባዶ በሆነ የኪኒን ማሸጊያ አሳዩ። የሱሉልታዎቹ ከላም በረት ያመጡትን ድርቆሽ ከሜዳቸው ጥቁር አፈር ጋር በካርቶን ላይ አጣበቁ። በየቀኑ የሚያልፉበትን ነገር አሁን ገና እንዳዩት ያህል ነበር።

ለመሞከር ለሚፈልግ ቤተሰብ ጥቂት ብልሃት እንጠቁም። ስስ ወረቀት ውኃ ሲነካው ስለሚጨማደድ አስቀድሞ ካርቶን ላይ ይለጠፍና ከባድ ነገር ተጭኖበት ይደር። አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ከውኃ ጋር እሳት ላይ ቢማሰል ለወረቀትና ለጨርቅ የሚሆን ማጣበቂያ ይወጣዋል። የቡና አተላ ቡናማ፣ ከሰል ጥቁር፣ አንድ ቁንጥር እርድ ቢጫ ይሰጣሉ። እርድ የሳሙና ውኃ ሲነካው ወደ ቀይ ያደላል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ይደበዝዛል። በወረቀት ላይ ነጭ ሻማ ፈትጎ በላዩ የቡና ውኃ ቢቀቡበት ሰሙ ውኃውን ስለሚገፋው ነጩ መስመር ጎልቶ ይወጣል። የሚለጠፈው ቀድሞ ይድረቅ፤ ቀለም በኋላ ይምጣ። የሚበላ ነገር ግን ከዚህ በላይ አይነካ፤ ኢስራፍ ነውና።

«ቆሻሻ ለቅሞ መለጠፍ ምን ሥዕል ይባላል?» ብለው የጠየቁን አባት ነበሩ። በአገራችን ታላላቅ ከሚባሉት ሠዓሊዎች አንዱ የሆነው እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) በሸራ ብቻ ሳይወሰን ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠርቷል። ኤልያስ ስሜ ደግሞ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ ከአዝራርና ከክር፣ ኋላም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚገኝ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ስብርባሪ በሚሠራቸው ሥራዎች በዓለም ታውቋል። ሰው የጣለውን ነገር አስተውሎ ማየት ራሱ ዕውቀት ነው።

ከሎሕ የተማርነው

መድረሳ ያለፍን ሰዎች ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። ልጅ በእንጨት ሎሕ ላይ፣ ከጥቀርሻ በተበጠበጠ ቀለም የዕለቱን ትምህርት ይጽፋል፤ ከሐፈዘው በኋላ ሎሑ ታጥቦ ለቀጣዩ ትምህርት ይዘጋጃል። ያ ሁሉ ጽሑፍ ታጥቦ ሄዷል። የቀረው ልጁ ዘንድ ነው፦ ከሐፈዘው ጋር የተገራ እጅና በሰዓቱ የመቀመጥ ልማድ። የየዕለቱ ሥዕልም እንዲሁ ነው። ሠላሳው ካርቶን አንድ ቀን ይጠፋ ይሆናል፤ ሠላሳ ጊዜ የተቀመጠው ልጅ ግን ሌላ ልጅ ሆኗል።

አላህ ዘንድ እጅግ የተወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሩ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል። ሐዲሱ ስለ ዒባዳ ነው፤ ሥዕልን ከዒባዳ ጋር እኩል ለማድረግ አንጠቅሰውም። ነገር ግን በትንሽ ነገር መዘውተርን ያልለመደ ወጣት በትልቁም ይቸገራል ብለን እናምናለን።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

አንደኛው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። የቆየ የቀን መቁጠሪያ፣ መጽሔትና የሠርግ ጥሪ ከመቆረጡ በፊት የአላህ ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ እንዳለበት ይታይ። ካለበት ለብቻው በክብር ይቀመጥ እንጂ አይቀደድ።

ሁለተኛው ነፍስ ያለውን ነገር የመሳል ጉዳይ ነው። ዑለማዎች በሰፊው የተነጋገሩበት በመሆኑ ቤተሰብ ሁሉ የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) መሳል ሥራው ለነበረ ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል መምከራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ተራራ፣ ውኃ፣ ቅጠል፣ ጀበና፣ የፊደል ቅርጽና የመስጊድ በር ሠላሳ ቀን ይሞላሉ፤ ይተርፋሉም።

ሦስተኛው ስልክ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የሱሉልታዋ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሥራዋን አቆመች። ልጆቹ ሥዕላቸውን የሚላላኩበት የቴሌግራም ቡድን ነበራቸው፤ የታናሽ ወንድሟ ሥዕል ሲወደስ የእርሷ በዝምታ ታለፈ። አባቷም ቀድሞውኑ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም፤ ፈተናሽን አስቢ» ይሏት ነበር። «እጄ እንቢ አለኝ እማዬ» ብላ ካርቶኑን ጣለችው። በዚያ ዕድሜ «አልችልም» የሚል ቃል ከሥዕል አልፎ ወደ ሒሳቡም ወደ ቂርኣቱም ይሻገራል። እኛን ያሳሰበንም ይኸው ነበር።

እናቲቱ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ግን ከወሎ ይዘውት የመጡት የስፌት ሙያ አላቸው። «እስቲ ወዲህ አምጪው» አሉና ካርቶኑን በወስፌ እየበሱ ቀለም የገባ አክርማ አሳለፉበት። ስንት ቀይ፣ ስንት አረንጓዴ እንደሚሄድ በቃላቸው ይቆጥሩ ነበር። ልጅቱ ዓይኗን አልነቀለችም፤ በማግስቱ የቆጠረችው እርሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቿን ወደ ስልኩ አልላከችም፤ እስከ ሠላሳኛው ቀን ግን ሁለቱ አብረው ተቀመጡ። ያልተሠሩት አራት ቀናት በባዶ ካርቶን ተወክለው ከሌሎቹ ጋር ተሰቅለዋል። አባት እስከ ዛሬ ስለ ፈተናው ማሳሰባቸውን አልተዉም፤ ትክክልም ናቸው። ግማሽ ሰዓት ግን ፈተናን አይጎዳም። ሥዕል እንጀራ ይሆናል ብለንም ለማንም ቃል አንገባም።

ውድ ወላጆች! ሥራው ባያምራችሁ እንኳ «የትኛው ይበልጣል?» አትበሉ፤ «እንዴት ሠራኸው? እንዴት ሠራሽው?» በሉ። አጠገባቸው ተቀመጡ፤ የምታውቁት ሙያ ካለ እጃችሁን ጨምሩበት። ወጣቶች ሆይ! ኒያችሁ ለመማር ይሁን እንጂ ለታይታ አይሁን፤ ሪያእ ትንሹንም ሥራ ይበላልና። አንድ ቀን ካመለጣችሁ ወሩ አልፈረሰም፤ በማግስቱ ከዐስር በኋላ ቁጭ በሉ። መጀመሪያው ቀን ዛሬ ሊሆን ይችላል፤ ካርቶኑ እቤት አለ።

አላህ በጥቂቱም በብዙውም የምንጸና ያድርገን። ወላሁ አዕለም።