ብሎን የሌለው ስጦታ

በልደት ኬክ ላይ የሚተከለውን ዘፋኝ ሻማ የማያውቅ ከተሜ አሁን አሁን ጥቂት ነው። ክብሪት ሲነካው እንደ አበባ ይከፈታል፣ ዙሪያውን ትንንሽ ሻማዎች ይበራሉ፣ ከሆዱ ቀጭን የልደት ዜማ ይወጣል። እሳቱ እፍ ተብሎ ሲጠፋ ዜማው አብሮ አይጠፋም፤ ማጥፊያ አልተሠራለትም። ባትሪው እስኪያልቅ፣ ወይም ከቤቱ ሰው አንዱ ታክቶት ሽቦውን እስኪበጥሰው ድረስ ያንኑ ይደጋግማል። ሲገለጥ የሚዘፍነው የመልካም ምኞት ካርድም የዚሁ ሻማ ወንድም ነው። በአሜሪካ ደግሞ ነገሩ ገፍቶ፣ ታርጌት የተባለው ታላቅ የመደብሮች ድርጅት ገንዘብ የተሞላበትን የስጦታ ካርድ ራሱን ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ አድርጎ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ዕቃው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ አይቀርምና፣ የተለመደው መልስ ‹‹ፈጠራ ጨምራችሁ ለሌላ ነገር ተጠቀሙበት›› የሚል ሆነ።

ይህ መልስ ለእኛ ጆሮ አዲስ አይደለም። ‹‹ከወዳደቁ ዕቃዎች የተሠራ›› ሲባል የማያጨበጭብ የለም፤ ‹‹ከቆሻሻ ወደ ሀብት›› የሚለው መፈክርም ከከተማ ጽዳት ዘመቻ ተለይቶ አያውቅም። የዘፋኙ ካርድ ጠበቆች የሚጠለሉት በዚሁ ጥላ ሥር ነው። ዜማ ማጫወቻው ተነቅሎ በአሻንጉሊት ሆድ ውስጥ ይሰፋል፣ ለበር ደወል ይሆናል፣ ብልጭልጩ አምፖል ለበዓል ጌጥ ይውላል፤ ስለዚህ ካርዱ ቆሻሻ አይደለም ይሉናል። መነሻው እውነት ነው፣ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ዳግም እንዳያገለግል ተደርጎ የተሠራን ዕቃ ‹‹እንደ ምንም ብላችሁ ተጠቀሙበት›› ማለት የሠሪውንና የአስመጪውን ዕዳ በተቀባዩ ጫንቃ ላይ ማዞር ነው። ዕዳው ከተጫነ በኋላ ‹‹ጎበዝ፣ ፈጣሪ›› እያሉ ማሞገስ ደግሞ ተሸካሚው ሸክሙን እንዳያይ ያደርገዋል።

መልሶ መጠቀምን ለኢትዮጵያዊ የሚያስተምር ሰው መጀመሪያ ከኢትዮጵያዊ ቢማር ይሻለዋል። ካረጀ ጎማ በረባሶ ተቆርጧል፤ ከጣሳና ከጠርሙስ ኩራዝ ተሠርቷል፤ የዘይት ጀሪካን የውኃ መቅጃ፣ የቲማቲም ጣሳ የጉልት መስፈሪያ ሆኗል። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ሰፈር በሙሉ የቆመው ሌላው የጣለውን ብረት ቀጥቅጦ ምድጃ፣ ማጠፊያና መጥበሻ በማድረግ ላይ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ አንድ የጋራ ሥርዓት አለ፦ መጀመሪያ ችግር ነበር፣ ከዚያ ለችግሩ የሚሆን ቁስ ተፈለገ። ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው ጫማ ፈለገ፣ ጎማው ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። በዘፋኙ ካርድ ላይ የሚደረገው ግን ግልባጩ ነው። መጀመሪያ ዕቃው አለ፣ ከዚያ ‹‹እስቲ ምን እናድርገው›› ተብሎ ችግር ይፈለግለታል። አንዲት ዜማ ብቻ የሚያውቅ፣ ድምፁ የማይጨምርና የማይቀንስ፣ ባትሪው የማይቀየርለት ደወል በምዕራብ ሐረርጌ፣ በየትኛውም የበደሳ ወይም የገለምሶ ግቢ በር ላይ ሊሰቀል ይችላል፤ በሩን ማንኳኳት ግን ከእርሱ ይልቃል።

ካርዱን የሚፈታው ሰው የሚያገኘውን እንቁጠር። ድምፁን የምታወጣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ስስ የነሐስ ዝርግ አለች፤ ፒኤዞ ይሏታል። ፀጉር የሚያካክሉ ሁለት ወይም ሦስት ሽቦዎች አሉ። አንዲት ወይም ሁለት የሰዓት ባትሪዎች አሉ። ከዚያ ዋናው፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ቦርድ ላይ የተንጠባጠበች ጥቁር ሙጫ አለች፤ ዜማውን የያዘችው ቺፕ ከሥሯ ነው። ቀድሞ ዜማ የሚያጫውቱ ዕቃዎች ውስጥ ዩኤም66 የምትባል፣ ሦስት እግር ያላት፣ ትራንዚስተር የምትመስል ቺፕ ትገኝ ነበር። እሷን ጠጋኝ በካዊያ አሙቆ ነቅሎ፣ በስታኞ ሌላ ቦታ ሊተክላት ይችል ነበር፤ ከተበላሸችም ተመሳሳይዋን ገዝቶ ይተካት ነበር። በሙጫ የተደፈነችው ግን እግር የላትም፣ ስም የላትም፣ መለያ ቁጥር የላትም። ዕቃው ሁሉ ደግሞ በማጣበቂያ ስለሚዘጋ አንድም ብሎን አይገኝበትም። በጭሮ፣ በሂርና ወይም በበደሳ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን ባለሙያ መሣሪያው ካቻቢቴ፣ ካዊያና ዓይኑ ነው። የወደቀ ስልክ ያስነሣል፣ የሞተ ሬዲዮ ያናግራል፤ እንዲህ ያለውን ካርድ ግን መክፈት የሚችለው ቀድዶ ብቻ ነው። ጠጋኝ ሊጠግነው የማይችለውን ዕቃ ልጆች ‹‹በፈጠራ›› ያድኑታል ብሎ ማሰብ ለልጆቹ ያለን እምነት ሳይሆን ለሠሪው ያለን ይሉኝታ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራው መቃወሚያ የመምህራን ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት አንድ የተጣለ ካርድ የፊዚክስ መማሪያ ይሆናል፤ ፒኤዞዋ ኤሌክትሪክን ወደ እንቅስቃሴ፣ እንቅስቃሴን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደምትለውጥ ለተማሪ በእጁ ታሳየዋለች ይላሉ። ትክክል ነው። ሁለት ሽቦ አገናኝቶ ድምፅ የሰማ ልጅ ከመጽሐፍ የማያገኘውን አግኝቷል፤ ለዚህ የሚውለውን ካርድ ማንም አይንቀው። ነገር ግን አንድ ክፍል ይህን ለመማር ሁለት ካርድ ይበቃዋል። በየልደቱና በየምርቃቱ የሚጣለውን ሁሉ የሚያጸድቅ ክርክር ከሁለት ካርድ ሊወጣ አይችልም። ደግሞም ልጁ ቀጥሎ የሚጠይቀው ‹‹ዜማው የት ነው ያለው?›› ብሎ ነው፤ መልሱ ያ የማይገለጥ ጥቁር ሙጫ ነው። የቆየ ሬዲዮ ሲፈታ እያንዳንዱ ክፍል ስምና ሥራ አለው፤ እንደ መምህር ሬዲዮው እጅግ ይበልጣል፣ በገበያችንም አልጠፋም።

ሌላው መቃወሚያ ‹‹ይህ እኮ ጥቂት ግራም ነው›› የሚለው ነው። በሐረርጌ ከተሞች ቦይና አጥር ላይ የተንጠለጠለው የጫት ፌስታል እያለ ስለ ሙዚቃ ካርድ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። የፌስታሉ ነገር እውነት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ቢከለክልም ፌስታሉ አዋጁን ሳይሰማ ኖሯል። ካርዱ ግን ትንሽ መሆኑ የጥፋቱ ማቃለያ አይደለም፣ እንዲያውም ዋናው ምክንያት ነው። ቆራሌው የሚገዛው በሚዛን ነው፤ ብረት፣ መዳብ፣ አሮጌ ባትሪ፣ ጀሪካን ያነሣል። ለሚዛኑ የማይመዝን ነገር ገዢ የለውም፤ ገዢ የሌለው ደግሞ ከጥራጊውና ከልጣጩ ጋር ተጠርጎ በየመንገዱ ዳር ይነድዳል። በዓለም ደረጃም የሆነው ይኸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ያወጡት ሪፖርት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲያወጣ፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ሰዎች ኤሌክትሮኒክስ መሆኑን እንኳ የማያስቡት፣ እንደ አሻንጉሊትና እንደ ገመድ ያለው ‹‹የማይታይ›› ቆሻሻ ለብቻው ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ያህል እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2023 ተገምቷል። አገራችንም በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425 አውጥታለች፤ አሮጌ ኮምፒውተር የሚፈታበት ማዕከልም አዲስ አበባ አቃቂ ላይ ተቋቁሟል። አቃቂ ግን ከበደሳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንዲት የሰዓት ባትሪ ይዞ ያን መንገድ የሚሄድ አይኖርም፤ እንዲሄድም መጠበቅ ፌዝ ነው።

የባትሪዋ ነገር ግን ከቆሻሻ ጥያቄም ያለፈ ነው። ሊቲየም የሚባለውን ዓይነት፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ቮልት ኃይል ያላትን ክብ ባትሪ ሕፃን ቢውጣትና ጉሮሮው ላይ ብትሰካ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። ቃጠሎው ከባትሪዋ ፈሳሽ መውጣት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ እርጥቡ ሥጋ የሁለቱ ጫፎቿ መገናኛ ሽቦ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ያለቀች የመሰለችው ባትሪ እንኳ ለዚህ የሚበቃ ኃይል ይተርፋታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ‹‹የሪስ ሕግ›› የተባለውን ያወጣችው እንዲህ ያለችውን ባትሪ ውጣ በሞተች ሕፃን ምክንያት ነው፤ ሕጉ እንዲህ ያለ ክብ ባትሪ ያለባቸው የፍጆታ ዕቃዎች የባትሪ ቤታቸው በልጅ እጅ እንዳይከፈት ያስገድዳል። አሁን ያንን የተወደደ የፈጠራ ምክር መለስ ብለን እንየው፦ ማጫወቻውን ከካርዱ ንቀሉ፣ በአሻንጉሊት ሆድ ስፉት። ይህ ማለት ባትሪዋን አዋቂ ከሚይዘው ካርድ አውጥቶ፣ ያለ መከለያ፣ በጨርቅና በክር ብቻ ሸፍኖ ለሕፃን አፍ ማቅረብ ነው። ‹‹ከቆሻሻ ወደ ሀብት›› የሚለው መፈክር እንዲህ ያለውን ዝርዝር አይመረምርም። ከዚህ ይልቅ ካርዱን ሳይነኩ መጣል የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን የሚናገር የጽዳት ዘመቻ ግን ገና አልተሰማም።

‹‹ታዲያ ደስታችንን ልትነሡን ነው?›› የሚል መምጣቱ አይቀርም። ደስታው የማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በዘመን መለወጫ ጠዋት ልጆች በቀለም የሣሉትን አበባና ፀሐይ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ያ ሥዕል ከመልካም ምኞት ካርዶች ሁሉ የቀደመ ካርዳችን ነው። የሠራው የሰጠው ልጅ ስለሆነ ባለቤቱ አይጠፋም፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎም ዓመት ይከርማል። ስጦታው በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይሁን ለሚል ደግሞ መንገዱ ተከፍቷል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው፤ አዲስ አበባ ያለች አክስት ለጭሮው ልጅ ብር ልካ ምርቃቷን በድምፅ ልታስከትልበት ትችላለች። ያ ሳይኖር በፊትም የሞባይል ካርድ ፍቆ ቁጥሩን ለወዳጅ መላክ የታወቀ ስጦታ ነበር። ከእሱ የሚተርፈው ብጣሽ ወረቀት ነው፣ ባትሪ የለውም። ገንዘብ ቀዝቃዛ ስጦታ ነው ለሚለው ትችት ከፊል እውነት እንስጠው። ነገር ግን ቻይና ውስጥ የተቀዳና ለሚሊዮን ሰው እኩል የሚዘፍን ዜማ ከአክስት ድምፅ የሚሞቅበት ምክንያት አይገባንም።

መፍትሔው እገዳ ነው የተባለ አይምሰል። ከድሬዳዋና ከጅግጅጋ የሚነሣው የኮንትሮባንድ ዕቃ በየትኛው ጎራ ዞሮ እንደሚመጣ የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል፤ ዘፋኝ ሻማን በአዋጅ ለመከልከል የሚነሣ ሹም ከሻማው ቀድሞ ይደክማል። የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነው፦ አንድ ብሎን። የባትሪ ቤቱ በብሎን የሚታሰር ዕቃ ልጅ አይከፍተውም፣ ጠጋኝ ግን ይከፍተዋል፤ የሕፃኑን ጉሮሮና የዕቃውን ዕድሜ የሚጠብቀው ያው አንድ ብረት ነው። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ባትሪ ላለው ለማንኛውም የስጦታና የመጫወቻ ዕቃ ይህን አስገዳጅ ደረጃ አድርጎ ያውጣ፤ በሕጋዊ መንገድ የሚያስገባው አስመጪም በዚያ ይመዘን። ኮንትሮባንዱ ላይ ደረጃው ባይደርስ እንኳ የገዢው እጅ ይደርሳል። የኬክ ቤት ባለቤቶች፣ ሻማውን ከሻጭ ከመቀበላችሁ በፊት ገልብጡት። ብሎን ከሌለው፣ ማጥፊያም ከሌለው መልሱለት፤ ተራውን ሻማ ይዛችሁ ዘፈኑን ለእንግዶቹ ተዉላቸው።