ከኃይል አስቀድሞ ልክ

ሰው መሬትን ማልማት ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ዶማና አካፋ ከእጁ አልተለዩም። የውሃ ቦይ ለማውጣት፣ የቤት መሠረት ለመጣል፣ ጉድጓድ ለማበጀት ስንት ወገብ እንደሚጎብጥና ስንት መዳፍ እንደሚላጥ ሥራውን የሠራ ያውቀዋል። ስለዚህ ትንሽ ትራክተር በእጁ የገባችለት ሰው ከኋላዋ የብረት ክንድ ሠርቶ በመግጠም መሬቱን በሞተር ኃይል ሊቆፍር ቢያስብ፣ አሳቡ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ምስጋናው የሚጸናው ሥራው በልክ የተሠራ እንደ ሆነ ነው፤ ልክ የሌለው ኃይል አስቀድሞ የሚጎዳው ባለቤቱን ነውና።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ከታላላቅ ፋብሪካዎች ብቻ የተወለደ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ አገር ቫይኖ ሆሎፓይነንና ሮይ ሃንዲ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ከስማቸው ገጥመው ዌይን ሮይ ብለው በሰየሙት ማኅበር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 ዓመት በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀስ የመቆፈሪያ ክንድ ሠርተው ፈተኑ። በሚከተለውም ዓመት በ1948 በፎርድ የእርሻ ትራክተር ላይ ገጥመው ለኮነቲከት የመብራት ኃይል ኩባንያ በ705 ዶላር ሸጡ። በእንግሊዝም አገር ጆሴፍ ሲሪል ባምፎርድ በ1945 በዩቶክሲተር ከተማ ርዝመቱ 5 ሜትር እንኳ የማይሞላ ጋራዥ ተከራይቶ፣ ባገለገለ የብየዳ መሣሪያ፣ ከጦርነቱ በተረፈ ብረት አንድ ተጎታች ጋሪ ሠርቶ በገበያ በ45 ፓውንድ ሸጠ። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1953 ከፊቱ መጫኛ ከኋላው መቆፈሪያ ያለውን መኪና አወጣ። ዛሬ በየመንገዱ ሥራ ላይ የሚታየው ጄሲቢ የሚለው ስም የዚሁ ሰው የስሙ መጀመሪያ ፊደላት ነው።

እንግዲህ ጠባብ ቤት ውስጥ ብረት የሚበይደውን ሰው መናቅ የነገውን ሀብት መናቅ ነው። በኢትዮጵያም ባለእጅን በሥራው መስደብ የቆየ ክፉ ልማድ ስለ ነበረ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ባለእጅን ማክበር ማለት ግን ያሻውን ሁሉ እንዲሠራ ዝም ብሎ መተው ማለት አይደለም። ማክበር ማለት የእጁ ሥራ ሰው እንዳይገድልበት ዕውቀትን ማቅረብ ጭምር ነው።

ነገሩን ለማስተዋል የክንዱ ኃይል ከየት እንደሚመጣ መመልከት ይገባል። ሞተሩ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ሲሊንደር ይልካል፤ ዘይቱም ፒስተኑን ይገፋል። የፒስተኑ ወርድ 7 ሳንቲ ሜትር፣ የዘይቱም ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 150 ኪሎ ቢሆን፣ የሚገፋው ኃይል ከ5,700 ኪሎ ይበልጣል። ከትናንሾቹ ትራክተሮች ግን 1,000 ኪሎ እንኳ የማይመዝኑ ብዙዎች ናቸው። ክንዱ ረጅም ስለ ሆነ ኃይሉ ወደ አካፋው ጫፍ ሲደርስ ይቀንሳል፤ ፒስተኑ በታሰረበት መያዣና በብየዳው ላይ ግን ሙሉው ያርፋል። ለጥጃ የበሬ ቀንበር የሚጭን ገበሬ የለም፤ የትራክተሯን አቅም ሳይመዝን ክንድ የሚገጥም ሰው ግን ይህንኑ ማድረጉ ነው።

ስሕተቱ ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው በአገጣጠሙ ላይ ነው። በቤት የተሠራውን ክንድ ማረሻ በሚያያዝበት ባለሦስት ነጥብ ማንጠልጠያ ላይ ብቻ የሚሰቅሉ አሉ። ይህን ማንጠልጠያ ሃሪ ፈርጉሰን ያበጀው ግን ማረሻ እንዲያነሣና እንዲጎትት ነበር። አካፋው ከዛፍ ሥር ወይም ከቋጥኝ ጋር ሲያያዝ፣ ክንዱ መሬቱን ማንሣት ቢያቅተው ራሱን ያነሣል፤ በላዩ የተቀመጠውንም ሰው ከትራክተሯ ጋር ያጣብቀዋል። ደግሞም በብዙ ትራክተሮች ሞተሩና ካምቢዮው እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ አጥንት ስለሚያገለግሉ፣ ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ሲሆን ትራክተሯ ከወገቧ ልትሰነጠቅ ትችላለች። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ከሥር ከፊት እስከ ኋላ ጭነቱን የሚያከፋፍል የብረት ደጋፊ ማድረግ፣ በግራና በቀኝ መሬት የሚረግጡ እግሮች ማቆም፣ ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልስ ቫልቭ ማግባት ነው።

ሌላም የተሸሸገ አደጋ አለ። ከጎማው ቱቦ በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ስንጥቅ የሚፈናጠር ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ኢምንት መስሎ ቢታይም ፈጥኖ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት እጅ ያስቆርጣል። ስለዚህ የሚያፈሰው ስፍራ በካርቶን ይፈለጋል እንጂ በመዳፍ አይዳሰስም። የተቆፈረውም ጉድጓድ ራሱ ወጥመድ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1,500 ኪሎ ያህል ይመዝናልና የተናደበት ሰው ጎረቤት እስኪደርስለት አይቆይም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ መሬቱ ጽኑ አለት ካልሆነ በቀር ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የደረሰ ጉድጓድ መደገፊያ ሳይደረግለት ሠራተኛ እንዳይገባበት የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ነገር የሥራ ኃላፊዎች በሁለት ወገን ሊሳሳቱ ይችላሉ። አንደኛው፣ አደጋ አለበትና ይቅር ብሎ መከልከል ነው፤ ይህ ሥራውን ወደ ጓሮ ይሸሽገዋል እንጂ አያጠፋውም። ሁለተኛው፣ የግል ንብረት ነውና አይመለከተንም ብሎ መተው ነው፤ ነገር ግን በጉድጓዱ ውስጥ የሚቆመው የቀን ሠራተኛ የብየዳውን ጥንካሬ መርምሮ አልገባም። ከሁለቱ መካከል ያለው ቀና መንገድ ይህ ነው፤ የተፈተነ የአሠራር ንድፍ በሙያ ትምህርት ቤቶች በኩል በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ለባለእጆች ይታደል፤ የተሠራውም ክንድ ሰው ሳይቀመጥበት በጭነት ይፈተን፤ የሠራውም ሰው ስሙንና የግፊቱን ልክ በብረቱ ላይ ይቅረጽ።

ባለእጁ ድኻ ነውና ምርመራ ቢበዛበት ሥራውን ይተዋል የሚል መልስ ይሰማ ይሆናል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ስለዚህ ምርመራው ቅርብ፣ አጭርና ክፍያው ቀላል ይሁን። በደብዳቤ ብዛት የሚያደክም መርማሪ ከማይመረምር አይሻልም። የተማሩ ካህናትም፣ ምእመናን በኅብረት ቦይ ሲያወጡ ወይም መሠረት ሲቆፍሩ፣ የብረት ሥራን ክብር ከጥንቃቄው ጋር አያይዘው ቢያስተምሩ ከደንብ ይልቅ ይሰማሉ።

አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለቆሎ ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም። ሆሎፓይነንና ሃንዲ ክንዱን ከሸጡ በኋላ ሳይሆን ሳይሸጡ ፈተኑት። ብረት የሠሪውን ድካም አይቶ አይራራም፤ የሚታዘዘው ለልክ ብቻ ነው። ባለእጁን ከስድብ ያዳነ አገር ከራሱ ብረትም ሊያድነው ይገባል።