ትምህርት በየዕለቱ እንጂ በፈተና ዋዜማ አይገኝም

ዘር በወራቱ ካልተዘራ፥ በመከር ቀን በሚደረግ ጥድፊያ አዝመራ እንደማይገኝ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ትምህርትም እንደዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ የትምህርቱን ወራት በዝንጋዔ ያሳልፋሉ፤ የፈተናው ቀን ሲቃረብ ግን እንቅልፍ አጥተው፥ አንዳንዶቹም በቡናና በጫት ራሳቸውን እያነቁ፥ ከአስተማሪው የታደለውን ወረቀት ሲሸመድዱ ያድራሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ በአንድ ሌሊት የተያዘው ቃል ከፈተናው አዳራሽ ሲወጡ አብሮ ይወጣል።

የዚህም ምክንያቱ የአእምሮ ማነስ አይደለም። ተማሪው በወላጆቹ ቤት ሳለ የሚቈጣጠረው አባትና እናት፥ በየጊዜውም ደብተሩን የሚመለከት መምህር ነበረው። ኮሌጅ በገባ ጊዜ ግን የሰዓቱ ጌታ ራሱ ይሆናል፤ ዛሬ ምን አጠናህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጠያቂ ያጣ ሰው ደግሞ ራሱን መጠየቅ ካልለመደ ጊዜው ሳያውቀው ያልፍበታል።

ጉዳቱ በተማሪው ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከ2015 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በመላው ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሲጨርሱ የመውጫ ፈተና እንዲቀመጡ፥ ለማለፍም ከመቶ 50 እንዲያገኙ ተደርጓል። በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ያለፉት ከተፈታኞቹ እኩሌታ አልሞሉም። ይህ ፈተና የዓመታት ትምህርት የሚመዘንበት ስለ ሆነ፥ የአንድ ሳምንት ሽምደዳ ሊሸከመው አይችልም።

የጥናት ልማድ ለኢትዮጵያ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ከሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይልቅ የሚያውቅ የለም። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ጸጥ ወዳለ ስፍራ ሄዶ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ በተወሰነውም ሰዓት ቀርቦ በየኔታ ፊት በቃሉ ይነግራል፤ የተሳሳተውም በጓደኞቹ መካከል ይታረምለታል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ እንጂ በአንድ ዝላይ አይደለም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ፤ አንደኛው ለየዕለቱ የተመጠነ ሥራ መኖሩ ነው፤ ሁለተኛው ተማሪው የተማረውን መጽሐፍ ሳያይ ከራሱ አፍ እንዲያወጣ መገደዱ ነው።

የዘመኑም ምርምር ይህንኑ ያጸናል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው የጀርመን ሊቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ራሱን እየፈተነ ያገኘውን ጽፏል፤ በአንድ ቀን 68 ጊዜ ከደገመው ቃል ይልቅ፥ በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ ብቻ የደገመው ያላነሰ ጥቅም ሰጥቶታል። በ2006ም ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ አራት ጊዜ ያነበቡት ከመቶ 83፥ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ከቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩት ከመቶ 71 መለሱ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ወደ 40 ሲወርዱ፥ ራሳቸውን የጠየቁት 61 አገኙ። በፈተና ዋዜማ የሚሸመድደውን ተማሪ የሚያታልለው የመጀመሪያው ቊጥር ነው፤ ለሀገር የሚጠቅመው ግን የኋለኛው ነው።

ይህ ሲባል ቃሉን የያዘ ሁሉ ምሥጢሩን ይዟል ማለት አይደለም። በአብነቱ ትምህርት ቤትም ከንባብ በኋላ ትርጓሜ አለ። የኮሌጅ ተማሪም የያዘውን በራሱ አነጋገር ለሌላ ሰው ለማስረዳት ካልቻለ ገና አልተማረም።

ስለዚህ ተማሪው በየማታው፥ ደብተሩን ዘግቶ በዕለቱ የሰማውን በባዶ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የጐደለውንም ደብተሩን ከፍቶ ያርም። በጥናቱ ሰዓት የእጅ ስልኩን ከአጠገቡ ያርቅ፤ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ይጠያየቅ፤ ለእንቅልፉም ሰዓት ይወስን። መምህራን በወራቱ መጨረሻ ከሚሰጥ አንድ ከባድ ፈተና ይልቅ በየሳምንቱ አጫጭር ጥያቄዎችን ቢያቀርቡ፥ የጠፋውን ጠያቂ ይመልሱለታል። የኮሌጆች ሹማምንትም ቤተ መጻሕፍቱ በማታ ብርሃንና ጸጥታ እንዲኖረው መትጋት ይገባቸዋል። ካህናትም ወደ ኮሌጅ ለሚሄዱት የንስሐ ልጆቻቸው፥ ራሳቸው በልጅነት የደከሙበትን የዕለት ተዕለት ልማድ ቢመክሩ ምክራቸው ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ነገ በሽተኛ የሚያክመው፥ ድልድይ የሚሠራው፥ በችሎት ተቀምጦ የሚፈርደው የዛሬው ተማሪ ነው። በሽተኛው በፊቱ በተኛ ጊዜ ሐኪሙ ለመሸምደድ አንድ ሌሊት አይሰጠውም፤ በዚያ ሰዓት የሚገኘው በየዕለቱ የተጠራቀመው ብቻ ነው።