ድንጋይም ይደክማል

ለዘመናት የቆመ የድንጋይ ግንብ አንድ ክረምት ሲወጣ ሆድ አውጥቶ ይገኛል። ጥፋቱ የክረምቱ ብቻ ይመስላል እንጂ ሥራው የተጀመረው ከዓመታት በፊት ነው።

መሐንዲሶች ይህን የዝግታ ለውጥ ክሪፕ ይሉታል። ድንጋይ ወዲያው ከሚሰብረው ያነሰ ሸክም ቢጫነውም፣ ሸክሙ ካልተነሣለት ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ስንጥቆች ይረዝማሉ፤ ውኃ ሲገባባቸው ደግሞ ይፈጥናሉ። መጀመሪያ ለውጡ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ በአንድ ፍጥነት ይጓዛል፤ በመጨረሻ እየፈጠነ ይሰበራል።

ቤተ ሙከራ ለግንባታ የሚሰጠው የተለመደ የጥንካሬ ቁጥር ግን ድንጋዩን በደቂቃዎች ውስጥ ጨፍልቆ የሚገኝ ነው። ለዘመናት የሚቆም ነገር በዚህ ቁጥር ብቻ ሊዳኝ አይገባም።

የተሻለው መንገድ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ ውስብስብ ግን አይደለም። ከአንድ ድንጋይ በርካታ ናሙናዎች ይቆረጣሉ። ጥቂቶቹ ወዲያው ተሰብረው አማካይ ጥንካሬው ይታወቃል። የቀሩት የዚያን 60፣ 70፣ 80 እና 90 በመቶ ተሸክመው፣ ሙቀቱና ርጥበቱ በማይለዋወጥ ክፍል ይቆያሉ። የትኛው መቼ እንደተሰበረና የትኛው እንደጸና ሲመዘገብ የዘላቂው ጥንካሬ ግምት ይገኛል። እንዲህ ያለ ረጅም ክትትል አዲስ አይደለም፤ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረ ሙከራ የግራናይት አግዳሚዎች ሲጎብጡ ለአሥርተ ዓመታት ተከታትሏል።

ኢትዮጵያ ለድንጋይ ጠባይ ትኩረት መስጠት የሚያስገድዳት ታሪክ አላት። ወደ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የጊቤ 2 ኃይል ማመንጫ የውኃ ዋሻ ቁፋሮ ላይ፣ በ1999 ዓ.ም. ከደካማ የመሬት ስንጥቅ የወጣ ጭቃ ግዙፉን መቆፈሪያ ማሽን ገፍቶ አስቁሞታል። ዋሻው ጥር 2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከፊሉ ተደረመሰ። ሁለቱንም በክሪፕ ብቻ ማሳበብ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ተራራ ውስጥ ያለ አለት በጠረጴዛ ላይ እንደተጨፈለቀ ናሙና እንደማይሆን ያሳያሉ።

በሐረር ጉዳዩ የቅርስ ጉዳይ ነው። በገዥዋ በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግንብ የተጠናከረው ጥንታዊው ከተማ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ግንቡ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ስለዚህ ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ጭቃውም፣ የሁለቱ ትስስርም ለረጅም ጊዜ ሲጫን መፈተን አለበት።

ከሐረሪ ክልል የሶፊ ወረዳም ሆነ ከሌላ የክልሉ ወረዳ ለጥገና ድንጋይ ሲመረጥ፣ ናሙናዎቹ ደረቅና እርጥብ ሆነው ለወራት ሸክም ይሸከሙ። ክብደት የሚሰቅል የብረት ማዕቀፍና ትንሽ ለውጥ የሚያነብ መለኪያ የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ሊያዘጋጁት የሚችሉት ነገር ነው። ሆድ ያወጡ የግንቡ ክፍሎች ካሉም ምልክት ተደርጎባቸው ከክረምት በፊትና በኋላ ይለኩ፤ የናሙናዎቹና የግንቡ መዝገብ በጥገናው ሰነድ ውስጥ ይግባ።