መርከብ ሰው አይጠብቅም



የዛሬው ንባባችን ስለ መንገድ ነው። ፍጥሞ የምትባለውን ደሴት ስሟን ሰምተው ይሆናል። ዮሐንስ ራእይ ያየባት ደሴት ናት። የምትገኘው በግሪክ አገር፣ በኤጂያን ባሕር ላይ ነው። በኮረብታዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1088 የተመሠረተ ገዳም አለ። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ሰውም ዕቃም የሚደርሰው በመርከብ ነው።

«ታድያ መርከብ መሳፈር ምን ይከብዳል? እንደ አውቶቡስ ገብቶ መቀመጥ ነው እንጂ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ወደ ፍጥሞ የሚሄድ ትልቅ መርከብ በየቀኑ ላይኖር ይችላል። ያመለጠው ሰው ሌላ ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ ቲኬቱን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ቲኬቱ ላይ አምስት ነገሮችን እንፈልግ፤ የደሴቱን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በሩንና የተሳፋሪውን ስም።

የደሴቱ ስም። እኛ ፍጥሞ እንላለን። ግሪኮች ግን ፓትሞስ ነው የሚሏት። ቲኬት ሲገዙ «ፓትሞስ» ይበሉ።

ቀኑ። ቲኬቱ 15/08 ቢል፣ ፊት ያለው ቁጥር ቀኑ ነው፤ ኋላ ያለው ወሩ ነው። የእኛ 8ኛ ወር ሚያዝያ ነው። የእነሱ 8ኛ ወር ግን ኦገስት ነው። ስለዚህ 15/08 በእኛ ነሐሴ 9 ቀን ማለት ነው። በዚያ ቀን ግሪኮች ፍልሰታን ያከብራሉ። እኛ የምናከብረው ነሐሴ 16 ነው። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ወደ ደሴቶቹ ስለሚጎርፍ መርከቡ ይሞላል። ቲኬቱን ከብዙ ሳምንት በፊት መግዛት ይሻላል።

ሰዓቱ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው! ቲኬቱ 07:30 ይላል እንበል። ሰባት ሰዓት ተኩል መስሎት ምሳውን በልቶ የሚሄድ ሰው፣ የሚያገኘው ባዶ ባሕር ነው። 07:30 በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። መርከቡ ከሄደ 6 ሰዓት አልፎታል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቁጥሩ ከ07 እስከ 18 ከሆነ 6 ይቀንሱ። 15:00 ቢል ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከ19 እስከ 23 ከሆነ 18 ይቀንሱ። 20:00 ቢል ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከ00 እስከ 06 ከሆነ ደግሞ 6 ይደምሩ። 05:00 ቢል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው።

በሩ። ከአቴና አጠገብ ያለው ትልቁ ወደብ ፒሬዎስ ይባላል። በጣም ሰፊ ነው። በሮቹ ቁጥር አላቸው። ከቁጥሩ በፊት ሦስት ጥርስ ያላት ማበጠሪያ የምትመስል ፊደል ተጽፋለች። የፍጥሞ መርከብ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በበር 1 ነው። ይህ በር ከባቡር ጣቢያው ሩቅ ነው። ሻንጣ ይዞ መሮጥ ያደክማል። ስለዚህ መርከቡ ከመነሣቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ቢደርሱ መልካም ነው።

የተሳፋሪው ስም። በቲኬቱ ላይ ያለው ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ፓስፖርቱን ከእጅ አይለዩት።

ጉዞው 8 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መርከቡ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሌሊት ስለሆነ ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ነው። ሌላም ነገር አለ። መርከቡ ከፍጥሞ አልፎ ወደ ሌሎች ደሴቶች ይሄዳል። እንቅልፍ የጣለው ሰው ሌላ ደሴት ሊነቃ ይችላል!

ቲኬት ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር ቀረ። እሱም ነፋስ ነው። በበጋ፣ በተለይ በጁላይና በኦገስት፣ መልቴሚ የሚባል ነፋስ ከሰሜን ይነፍሳል። ነፋሱ በቦፎር መለኪያ 8 ሲደርስ አብዛኞቹ መርከቦች ከወደብ እንዳይወጡ ይታገዳሉ። ፈጣኖቹና ትናንሾቹ ከዚያም በታች ይታገዳሉ። ያን ጊዜ ተሳፋሪው ይናደዳል። ግን ምክንያቱን ይስሙ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1966 ኢራክሊዮን የተባለ መርከብ በማዕበል ውስጥ ከቀርጤስ ወደ ፒሬዎስ ይሄድ ነበር። በውስጡ የተጫነ ከባድ መኪና ከቦታው ተንሸራቶ የመርከቡን የጭነት በር መታው። ውሃ ገባ፤ መርከቡ ሰጠመ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ጠበቀ። ወደብ ላይ ተቀምጦ መዋል ከዚህ ይሻላል።

መርከቡ ቢሰረዝ ወይም ከ90 ደቂቃ በላይ ቢዘገይ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ምርጫው የተሳፋሪው ነው። በሌላ ጉዞ መሄድ ወይም ገንዘቡን መቀበል ይችላል። ቲኬቱን አይጣሉት።

ስለዚህ ከደሴቱ ተመልሰው አውሮፕላን የሚይዙ ከሆነ፣ በመካከሉ አንድ ትርፍ ቀን ይተዉ። መርከብ ሰው አይጠብቅም፤ አውሮፕላንም መርከብ አይጠብቅም።

እንግዲህ ይህን ይሞክሩ።
1. ቲኬቱ 18:00 ይላል። በእኛ ስንት ሰዓት ነው?
2. 10/08 በእኛ የትኛው ወር ስንት ቀን ነው?
3. መርከቡ በነፋስ ቢሰረዝ ተሳፋሪው ምን መጠየቅ ይችላል?

መልሱን ጻፉና ለጎረቤት አንብቡለት። ለሳምንት ያገናኘን።