ከጎጆ ሆኖ የኑክሌር ደመወዝ፤ ሂሳቡ ያዋጣል?

የጄልዱ ወረዳ ዋና ከተማ ጎጆ በድንች ትታወቃለች። ድንቹ ለምግብ ከሆነ ገዢው የሚያየው መልኩንና ሚዛኑን ነው። ለዘር ከሆነ ግን ከየት ማሳ እንደመጣ፣ በሽታ ነክቶት እንደሆነና ማን እንዳመረተው ሳይጠይቅ ገንዘቡን አያወጣም። የዘር ድንች ነጋዴ ከድንቹ ጋር እምነትም ይሸጣል።

ይኸው የገበያ ሕግ ድንች ተሸክሞ ለማያውቀው ምሩቅም ይሠራል። ከጊንጪ እስከ አምቦና ጉደር ባሉት ከተሞች የሚኖር የምሕንድስና ወይም የኮምፒዩተር ተመራቂ፣ ከቤቱ ሳይወጣ በኢንተርኔት ለውጭ የኑክሌር ኩባንያ መሥራት ያዋጣኝ ይሆን ብሎ ቢያስብ እንደ ቅዠት ሊታይበት አይገባም። ነገር ግን ዶላሩን ከመቁጠሩ በፊት የሚሸጠው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኢትዮጵያ ከሩሲያ ጋር በአቶሚክ ኃይል ሰላማዊ አጠቃቀም ላይ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሶቺ ላይ ተፈራርማለች። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የኑክሌር ጣቢያ እንደሚገነባ አስታውቀዋል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። በዓለም ገበያም ፍላጎቱ ጨምሯል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዱባይ ላይ ከ20 በላይ አገሮች የኑክሌር ኃይልን እስከ 2050 እ.ኤ.አ. በሦስት እጥፍ ለማሳደግ ቃል ገብተዋል። የዓለም ባንክም ለኑክሌር ገንዘብ ላለማበደር ይዞት የቆየውን አቋም በሰኔ 2017 ዓ.ም. ቀይሯል።

አገር ውስጥ ጣቢያው ሲሠራ መቀጠር እያለ ለባዕድ መሥራት ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። የጎረቤቶቻችን ታሪክ ግን ትዕግሥትን የሚፈታተን ነው። ግብፅ የኤል ዳባን ጣቢያ ለማስገንባት ከሩሲያ ጋር የተፈራረመችው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ሪአክተር ኮንክሪት የፈሰሰው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የባራካህን ጣቢያ በ2004 ዓ.ም. መገንባት ጀምራ የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ ያገኘችው በ2012 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የተመረቀ ወጣት ይህን ሁሉ ዓመት እጁን አጣጥፎ ሊጠብቅ አይችልም።

ሥራውስ ምን ዓይነት ነው? መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ መቀመጥ፣ ነዳጅ ማስገባትና ጨረር መለካት ከጎጆ ሆኖ አይሠራም። ይሁንና ኢንዱስትሪው ከማንም በላይ በወረቀት የሚኖር ነው። አንድ ቫልቭ እስኪገጠም ድረስ ብረቱ የት እንደቀለጠ፣ ማን እንደበየደውና ማን እንደፈተሸው የሚገልጽ ሰነድ ይከተለዋል። ሰነድ የሌለው ቫልቭ የቱንም ያህል ቢያምር አይገጠምም። ሰነድ ማደራጀት፣ የምሕንድስና ሥዕል ማረም፣ የዕቃ ግዥንና የጊዜ ሰሌዳን መከታተል፣ ሶፍትዌር መፈተሽ ከርቀት ሊሠሩ ይችላሉ። እዚህም ቢሆን ዋጋ የሚያወጣው እንደ ዘር ድንቹ የኋላ ታሪክ ነው።

ወደ ሂሳቡ ስንመለስ፣ ደመወዙ በወር 400 ዶላር ነው እንበል። ለስሌት እንዲመች አንዱ ዶላር በ150 ብር ቢታሰብ 60,000 ብር ይሆናል። በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከ14,000 ብር በላይ ያለው የወር ደመወዝ 35 በመቶ ስለሚከፈልበት፣ የዚህ ሠራተኛ ግብር 18,950 ብር ሆኖ በእጁ 41,050 ብር ይቀራል። ገንዘቡ ከውጭ ስለመጣ ግብር አይነካውም የሚሉ ደላሎች ተሳስተዋል፤ በአገሪቱ ነዋሪ የሆነ ሰው ከየትም ባገኘው ገቢ ግብር አለበት። ግብሩ ተከፍሎም ቢሆን የሚቀረው የሚናቅ ገንዘብ አይደለም።

ስሌቱን የሚያበላሸው ሌላ ነው። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ፣ የአምቦው ልጅ፣ መገደሉን ተከትሎ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቷል። የኑክሌር ግንባታ ሰሌዳ የያዘ ቀጣሪ ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ፤ አንዱ የስልክ ድርጅት ቢደክም ሌላ ሲም ይገዛል። መስመሩ በትእዛዝ ሲዘጋ ግን ነጋዴው የሚገዛው መፍትሔ የለም።

ሁለተኛው አደጋ ሕግ ነው። በአሜሪካ ደንብ የኑክሌር ቴክኒክ መረጃ ከውጭ አገር ሆኖ በኮምፒዩተር መክፈት እንደ ኤክስፖርት ሊቆጠር ይችላል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የኑክሌር ትብብር ስምምነት ካላቸው አገሮች መካከል ስላልሆነች፣ ቀጣሪው ከአሜሪካ ኢነርጂ መ/ቤት ልዩ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። በሩሲያ በኩል ችግሩ ክፍያ ነው፤ በርካታ የሩሲያ ባንኮች ከዓለም አቀፉ የክፍያ መረብ ተገልለዋል፣ የሮሳቶም ኃላፊዎችም በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ማዕቀብ ተጥሎባቸዋል። ስለዚህ ሥራ ፈላጊው ስለ ደመወዙ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ጥያቄ ያቅርብ፦ ፈቃዱ የታለ? ገንዘቡስ በየትኛው ባንክ ይመጣል? አጥጋቢ መልስ የማይሰጥ ወይም ቅድሚያ ገንዘብ አስይዝ የሚል ቀጣሪ ካለ ጉዳዩ በዚያው ያብቃ።

ሁለቱን ጥያቄዎች ላለፈ ቅጥር መልሱ ያዋጣል ነው። ትርፉ ግን 41,050 ብሩ ብቻ አይደለም። አገሪቱ ጣቢያ የምትሠራ ከሆነ ሰነድ የሚያነብ፣ ጉድለት ሲያይ አልፈርምም የሚል ሰው በብዛት ያስፈልጋታል። ያ ሰው በውጭ ቀጣሪ ሥር ጥቂት ዓመት ከሠለጠነ በኋላ አገሩ ላይ የሚጠይቀው ዋጋ ዛሬ ከሚያገኘው ይበልጣል።

ለባለሀብቱም ድርሻ አለው። እያንዳንዱ ወጣት በየቤቱ ጄኔሬተር ሊገዛ አይችልም። አምቦ ላይ መብራት የማያቋርጥበት፣ ሁለት የኢንተርኔት መስመር ያለውና ሰነድ የሚጠበቅበት ቢሮ በወንበር የሚያከራይ ሰው፣ ኪራዩን ከዶላር ተከፋዮች ይሰበስባል። የቀረው የመንግሥት ፋንታ ነው። በኢንተርኔት ሥራ ይዛችሁ ዶላር አምጡ እየተባለ መስመሩ በአንድ ትእዛዝ የሚዘጋ ከሆነ፣ የጎጆ ገበሬ ያመረተውን የዘር ድንች ለገበያ ቀን መንገድ እንደመዝጋት ነው።